ማሽንን ማዘዝ፣ ማሽንን መሞገት

እ.ኤ.አ. በጥር 1982 ቢቢሲ ኮምፒውተርን ለማያውቀው የእንግሊዝ ሕዝብ በቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ። አኮርን የተባለው የኬምብሪጅ ኩባንያ የሠራው ቢቢሲ ማይክሮም ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ። ማሽኑ ሲከፈት የሚያሳየው ትእዛዝ የሚጠብቅ ባዶ ስክሪን ነበርና፣ ልጆች አስቀድመው የተማሩት ማዘዝን ነው።

ይህ መንፈስ ብዙ አልቆየም። ትምህርቱ አይሲቲ በተባለበት ዘመን በብዙ ክፍሎች ደብዳቤ መተየብና ሠንጠረዥ መሙላት ሆነ፤ አዛዡ ተጠቃሚ ሆኖ ቀረ። በጥር 2012 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ይህን የነቀፈ ሪፖርት አወጣ። የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭም በዚያው ወር ለውጥ እንደሚደረግ አስታወቁ። ከመስከረም 2014 ጀምሮ የእንግሊዝ ሕፃናት አልጎሪዝም ምን እንደሆነ ከአምስት ዓመታቸው አንስቶ እንዲማሩ ተደነገገ። የለውጡ ዋና መከራከሪያ ግን ሥራና ኢኮኖሚ ነበር፤ ዜግነት ከኋላ ተሰለፈ።

ፈተናው በነሐሴ 2020 መጣ። በኮሮና ምክንያት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተሰርዞ ስለነበር፣ ኦፍኳል የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውጤቱን በአልጎሪዝም አስላ። ስሌቱ የየትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት ይመለከት ነበርና፣ ጎበዝ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ደካማ ከሆነ አብሮ ይወርዳል። በአንጻሩ ጥቂት ተማሪ ባለበት ክፍል የመምህሩ ግምት ይበልጥ ይሰማ ስለነበር የግል ትምህርት ቤቶች ተጠቀሙ። ከተሰጡት ውጤቶች 39 በመቶ ያህሉ መምህራን ከገመቱት በታች ሆኑ። ተማሪዎች ለንደን ውስጥ በትምህርት ሚኒስቴር ደጃፍ ተሰልፈው አልጎሪዝሙን አወገዙ፤ ነሐሴ 17 መንግሥት ስሌቱን ትቶ የመምህራኑን ግምት ተቀበለ።

እነዚህ ወጣቶች አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጆች ነበሩ። አልጎሪዝም የሚለውን ቃል ከክፍል ያገኙት ይሆናል፤ ቀመሩን ማን መረጠው፣ ስህተቱን ማን ያርመዋል፣ አቤቱታ ለማን ይቀርባል የሚለውን ግን ያስተማራቸው አደባባዩ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል፤ በዚያው ዓመት አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ ሆኗል። ኮድ መጻፍ እንጀራ ያበላል። ዜጋ የሚያደርገው ግን ማሽኑ ሲፈርድበት "በምን ሕግ?" ብሎ መጠየቅ መቻሉ ነው፤ ይህም እንደ ኮዱ ሁሉ ክፍል ውስጥ ሊለመድ ይገባዋል።