በጄኔቭ ደጅ የቆሙት ንጉሥ

በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ሆነ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከሠራዊታቸው ጋር ተዋጉ፤ ድሉ ግን ለኢጣልያ ሆነ። ከዚያ በላሊበላ ሱባኤ ይዘው ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። መኳንንቱም መከሩ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት የንጉሥ ከአገር መውጣት ነውር ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ምክሩ ግን ወደ መንግሥታት ማኅበር ሄደው አቤት ይበሉ በሚለው ጸና። ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ስለ መሄዳቸው እስከ ዛሬ የሚወቅስም የሚያመሰግንም አለ፤ ለዚያ ሙግት ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

ከጅቡቲ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በንጉሥ ወግ ሊቀበላቸው አልወደደም፤ ሕዝቡ ግን ሊያያቸው ወጣ።

ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ የማኅበሩ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ሰብሳቢውም የቤልጅግ ጠቅላይ ሚኒስትር ቫን ዜላንድ ነበሩ። ኢትዮጵያ ማኅበርተኛ የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ በእኒሁ ንጉሥ በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ነበር። በግቢያቸው ስንቱ ባላባት፣ ስንቱ ባለ ርስት ደጅ ሲጠና ከርሟል! አሁን ጊዜ ተገለበጠና ጃንሆይ ራሳቸው የሃምሳ ያህል መንግሥታት ደጅ ጠኚ ሆኑ።

ስማቸው ተጠርቶ፣ ጥቁር ካባቸውን እንደ ደረቡ፣ ቀስ ብለው ወደ መናገሪያው ወጡ። በዚያች ቅጽበት ከላይ ከሰገነቱ የተቀመጡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ፉጨታቸውን ለቀቁት፤ ስድቡና ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው። ከ5 ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የእነዚሁ ሰዎች ንጉሥ ዘመዱን የኡዲኔን መስፍን ልኮ በጃንሆይ የዘውድ በዓል ላይ እጅ አስነሥቶ ነበር። የሩማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ በቁጣ ተነሥተው እነዚያን አረመኔዎች ወደ ውጭ አውጡልን ብለው ጮኹ። ሥልጣኔ ላስተምር ብሎ ባሕር የተሻገረ መንግሥት ሰዎች በዚያ ስም መጠራታቸው ተገባቸው እንላለን። ዘበኞችም እየጎተቱ አወጧቸው።

ጃንሆይስ? አልተናገሩም፤ አልተቆጡም፤ ወደ ኋላም አላሉም። ጩኸቱ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ። ቁመታቸው አጭር፣ አካላቸው ቀጭን ሲሆን፣ በዚያች ሰዓት ከዚያ ሁሉ ሚኒስትር በላይ የታዩት እርሳቸው ነበሩ። ይህም በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። አባታቸው ልዑል ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከዚያም በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አደጉ። በዚያ ግቢ የመኳንንት ልጅ ቆሞ ይውላል፤ ሲከፋው ፊቱ አይጠቁርም፣ ደስ ሲለው ጥርሱ አይታይም፣ ሳይጠየቅም አይናገርም። ሰው ይህን ሲያይ ኩራት ይለዋል። ለእኛ ግን ከፈረስ ግልቢያና ከጦር ውርወራ ይልቅ የከበደ ትምህርት ይመስለናል።

ዝም ሲባል በአማርኛ ጀመሩ። ፈረንሳይኛውን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን የተገፋ ሰው አቤቱታውን በአፍ መፍቻው ቢናገር ይሻላል። በማኅበሩ ጉባኤ አንድ ርእሰ ብሔር ራሱ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። 9፣ 15፣ 18 አውሮፕላን ተከታትለው መርዝ በሰውና በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ እንዴት እንዳዘነቡ ነገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ በመጨረሻም ለሕዝቤ ምን መልስ ልውሰድ ብለው ጠየቁ።

መልሱም እነሆ። ሰኔ 27 ቀን ጉባኤው በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ይነሣ የሚለውን ተቀበለ፤ ሐምሌ 8 ቀንም ተነሣ። ኢትዮጵያ የጠየቀችው የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ለድምፅ በቀረበ ጊዜ 23 መንግሥታት እንቢ አሉ፤ 25ቱ ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ፤ እሺ ያለች ራስዋ ኢትዮጵያ ብቻ ሆነች። ጃንሆይም ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት እስከ 1932 ዓ.ም. በስደት ተቀመጡ። ወደ ዙፋናቸው ከተመለሱ ከብዙ ዓመት በኋላም ያን ቤት የአረጋውያን መጠለያ ይሁን ብለው ለከተማይቱ ሰጡ።