«ኢትዮጵያዊ» የተባለው ጭንብል፦ ከሚንስትሬል መድረክ እስከ ሂፕ ሆፕ ክሊፕ

በ1844 አንድ የሙዚቃ ቡድን ዋሽንግተን ኋይት ሐውስ ገብቶ በፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ፊት ተጫወተ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቡድኑ ስም «ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ» ይባላል። ከአባላቱ መካከል ኢትዮጵያን ያየ ቀርቶ ጥቁር የሆነ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ነጮች ናቸው፤ ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን አግንነው ቀብተው፣ የደቡቡን ባሪያ አነጋገርና አረማመድ እየኮረጁ ሕዝብ የሚያስቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው እዚያም ተጨበጨበላቸው። በዘመኑ የመድረክ ቋንቋ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ፊቱን ያጠቆረ ነጭ ማለት ነበር። እውቁ የዘፈን ደራሲ ስቲፈን ፎስተር ለእነዚህ ቡድኖች የጻፋቸው ዜማዎች የኖታ ሽፋናቸው ላይ «የኢትዮጵያ ዜማ» ተብለው ይታተሙ ነበር።

ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛው ትርጉም ኢትዮጵያዊ ማለት በአጭሩ ጥቁር ሰው ነውና። ያንኑ ስም በኩራት የያዙም ነበሩ። በኒው ዮርክ ከተማ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው፤ በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው መቀመጥን እምቢ ባሉ ጥቁሮች። የመጀመሪያው ሙሉ የሚንስትሬል ትርዒት በ1843 የታየውም እዚያው ኒው ዮርክ ነው። አንዱ ስም በአንድ ከተማ ውስጥ እዚህ ጸሎት ቤት፣ እዚያ መሳቂያ ሆኖ አብሮ ኖረ።

ይህ ሁሉ ከሂፕ ሆፕ ክሊፕ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። በወርቅ ሰንሰለት የተንቆጠቆጠው፣ ሽጉጥ የሚያወዛውዘው፣ ሴቶችን እንደ ዕቃ ዙሪያው የደረደረው ወጣት የቴሌቪዥን ልጅ ይመስላል። ዕድሜው ግን ከቴሌቪዥንም ከሲኒማም ይበልጣል፤ ሲወለድም የፈጠሩት ጥቁሮች አልነበሩም።

የሚንስትሬል መድረክ ሁለት ሰዎችን ደጋግሞ ያወጣ ነበር። አንዱ ቶማስ ራይስ የተባለ ነጭ ተዋናይ በ1830 ገደማ ያስተዋወቀው ጂም ክሮው ነው፤ ቡትቶ የለበሰ፣ እየተንሻፈፈ የሚዘል የገጠር ሰው። ሁለተኛው ዚፕ ኩን ነው፤ የሰሜን ከተማ ዘናጭ፣ ጅራታም ኮት ለብሶ፣ ጌጡን አንጠልጥሎ፣ ትልልቅ ቃላት ለመናገር ሲሞክር አፉ የሚተሳሰርበት። የመጀመሪያው፣ ጥቁር በባርነቱ ደስተኛ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ነፃነት ለጥቁር ልኩ አይደለም ይላል። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1848 በራሱ ጋዜጣ ላይ፣ እነዚህ ሰዎች ተፈጥሮ የነፈገቻቸውን መልክ ከእኛ ሰርቀው ይነግዱበታል በሚል መንፈስ ክፉኛ ነቅፏቸዋል። የሰማው አልነበረም፤ ገበያው ደርቶ ነበር። የጂም ክሮው ስም ቆይቶ የዘር መለያየት ሕጎች መጠሪያ ሆነ።

ነገሩ የሚወሳሰበው ጥቁሮች ራሳቸው መድረኩ ላይ ሲወጡ ነው። በባሃማስ ናሳው የተወለደው በርት ዊልያምስ ቆዳው ፈካ ያለ፣ የካሪቢያን ሰው አነጋገር የነበረው፣ መጽሐፍ ወዳድ ሰው ነበር። አሜሪካ መድረክ ላይ ለመቆም ግን ፊቱን በቡሽ ማጥቆር፣ የእሱ ያልሆነውንም የደቡብ አነጋገር ማጥናት ነበረበት። ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር ሲጣመሩ ራሳቸውን ያስተዋወቁት በዚያው የስድብ ስም ነው፤ «ሁለቱ እውነተኛ ኩኖች» ተባባሉ። ነጮቹ አስመሳይ ናቸው፣ ኦሪጅናሉ እኛ ነን ማለታቸው ነበር። ቀልድ ነው፤ ንግድም ነው፤ ተመልካቹ የከፈለበትን ስድብ ራስ ላይ ማሰርም ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተነሣ አንድ የራፕ ቡድን ስም ውስጥ ያው ስሌት ተመልሶ ይመጣል።

ዊልያምስና ዎከር በጭንብሉ ያገኙትን ገንዘብና ዝና ከጭንብሉ ለማምለጥ ሊጠቀሙበት ሞክረዋል። በየካቲት 1906፣ ዐድዋ አሥረኛ ዓመቱን ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ከፈቱ። ሎተሪ የደረሳቸው ጥቁር አሜሪካውያን ዘመድ አዝማድ አስከትለው አቢሲኒያ ይሄዳሉ፤ እዚያም ነገር ውስጥ ገብተው ምኒልክ ፊት ይቀርባሉ። ምኒልክ በሕይወት ነበሩ፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው በብሮድዌይ መድረክ ገጸ ባሕርይ ሆኑ። ሳቁ የሚወድቀው በእንግዶቹ ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ክብሩን ይዟል። ዊልያምስ ግን በዚያ የንጉሥ አደባባይ የቆመው ያው ቡሹን ተቀብቶ ነው። ንጉሠ ነገሥት ያለውን የጥቁር አገር ለማሳየት የኩን ፊት ማሳየት ግድ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲኒማው ሳቁን ወደ ፍርሃት ለወጠው። የዴቪድ ግሪፊዝ «የአንድ ሀገር ልደት» በ1915 ሲወጣ መሐል ላይ ያስቀመጠው ጋስ የተባለውን፣ ነጭ ልጃገረድ የሚያሳድደውን ጥቁር ወታደር ነው። ጋስን የተጫወተው ፊቱን ያጠቆረ ነጭ ነበር። ፊልሙ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን ኋይት ሐውስ ውስጥ ታየ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም ጆርጂያ በሚገኘው ስቶን ማውንቴን ኩ ክለክስ ክላን እንደገና ተቋቋመ። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ወንድ በአሜሪካ ምስል ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ነበረው፤ የሚያስቅ ወይም የሚያስፈራ።

ሁለቱም ወንበሮች ወንድነቱን የሚነፍጉ ነበሩ። በደቡብ አንድ ጥቁር አዛውንት ሽበቱ ሳይታይ «አንተ ልጅ» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። በ1968 የሜምፊስ ከተማ ጥቁር የቆሻሻ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ጽሑፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እንግሊዝኛው «ሰው ነኝ»ንም «ወንድ ነኝ»ንም በአንድ ቃል ይሸከማል። ከነዚህ ሠራተኞች በኋላ በመጣው ትውልድ ዓይን፣ ከሚያስቀው ሰው የሚያስፈራው ይሻል ነበር። ቢያንስ «ልጅ» ብሎ የሚጠራው የለም። በ1971 እና በ1972 የወጡት «ሻፍት» እና «ሱፐር ፍላይ» ሲኒማ ቤቶችን ያጨናነቁት በዚህ ስሜት ነው፤ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴው ረጅም ካፖርትና ትልቅ መኪናም ከዚያ ወደ ራፕ ክሊፖች ወረዱ።

ሂፕ ሆፕ ሲወለድ እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረበትም። በነሐሴ 1973 ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ሄርክ ያጫወተበት ግብዣ የሰፈር ልጆች ጭፈራ ነበር። ካሜራው የመጣው ዘግይቶ ነው። ኤምቲቪ በ1981 ሲከፈት ጥቁር ሙዚቀኛ አያሳይም ነበር ማለት ይቻላል። ዴቪድ ቦዊ በ1983 እዚያው ጣቢያ ላይ ቀርቦ ለምን ብሎ ጋዜጠኛውን ሲያፋጥጠው፣ የትንንሽ ከተሞችን ተመልካች ላለማስደንገጥ ነው የሚል ዓይነት መልስ አገኘ። የራፕ ፕሮግራም የጀመሩት በነሐሴ 1988 ሲሆን ወዲያው ብዙ ተመልካች ያገኘላቸው እሱ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ስፓይክ ሊ ለፐብሊክ ኤነሚ የሠራው ክሊፕ ብሩክሊን ውስጥ ሰልፍ የወጣ ሕዝብ ያሳያል። ጥቁር ወንድ በዚያ ክሊፕ የቆመው ከሰፈሩ ሰው ጋር፣ የመሪዎቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ነው። ይህ መንገድ ክፍት እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

የዘጋው ምንድን ነው? አንዱ መልስ የሂሳብ ሥራ ነው። እስከ 1991 ጸደይ ድረስ ቢልቦርድ መጽሔት የአልበም ሽያጭ ደረጃ የሚያወጣው ለሱቅ ሠራተኞች ደውሎ እየጠየቀ ነበር። በዚያ ግንቦት ሳውንድስካን የተባለው ሥርዓት መጣና በገንዘብ መቀበያው ማሽን ላይ የተነበበው ብቻ ተቆጠረ። በሳምንታት ውስጥ፣ ክሊፑን ኤምቲቪ አላሳይም ብሎት የነበረው፣ ኤፍቢአይም ለአሳታሚው የወቀሳ ደብዳቤ የጻፈበት የኮምፕተኑ ኤን.ደብሊው.ኤ. አንደኛ ወጣ፤ ያለ ሬዲዮ እርዳታ። የራፕ ገዢ ሰባ በመቶው ነጭ ነው የሚለው ቁጥር ከዚያ ወዲህ በየቦታው ይጠቀሳል፤ ባካሪ ኪትዋና በመጽሐፉ እንደሞገተው ማስረጃው ልል ነው። ሆኖም ቁጥሩ ቢቀር፣ ከከተማ ዳር ባሉ የገበያ አዳራሾች ካሴቱ እየተሸጠ መሆኑን ኩባንያዎቹ አዩ። የሚሸጠው ደግሞ ሰልፉ ሳይሆን ሽጉጡ ነበር።

ሁሉም ክሊፕ እንዲህ ነው ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። ሃይፕ ዊልያምስ በ1997 ሚሲ ኤሊየትን አየር የተነፋበት ጥቁር የፕላስቲክ ልብስ አልብሶ ያቀረባት፣ በዚያው ዓመት ለባስታ ራይምስ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የተባለውን ፊልም ተከትሎ ምናባዊ የአፍሪካ ቤተ መንግሥት የሠራለት፣ በጨዋታና በፈጠራ ነው። ሳይታወቀው የዎከርንና የዊልያምስን «አቢሲኒያ» ከዘጠና ዓመት በኋላ ያስታውሳል፤ ያለ ቡሹ። ያው ዳይሬክተር ግን መርከብ፣ ሻምፓኝና ቁጥር ስፍር የሌላቸውን ሴቶች የደረደሩ ክሊፖችንም ሠርቷል፤ ሌሎች የኮረጁትም ይህን ነው።

በ2000 መጨረሻ የጥቁሮች የነበረው ቢኢቲ ቴሌቪዥን በሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለቫያኮም መሸጡ ተነገረ። ኤምቲቪም ያን ጊዜ የቫያኮም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቢኢቲ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያልተቆረጡ ክሊፖች የሚያሳይ ፕሮግራም ጀመረ። ከዚያ ፕሮግራም ነው የኔሊ ክሊፕ የወጣው፤ በአንዲት ሴት መቀመጫ መሐል ክሬዲት ካርድ የሚያሳልፈው።

በ2004 የኔሊ በጎ አድራጎት ድርጅት አትላንታ በሚገኘው ስፔልማን የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ የመቅኔ ለጋሾችን ለመመዝገብ አቀደ። የኔሊ እኅት በደም ካንሰር ታማ ነበር፤ የሚስማማ መቅኔ የሚገኘውም በብዛት ከራስ ዘር ሰው ነው። ተማሪዎቹ ምዝገባውን አልከለከሉም፤ ኔሊ መጥቶ ስለ ክሊፑ ይነጋገረን ብለው ጠየቁ። ድርጅቱ ዝግጅቱን ሰረዘው። እኅቱ በ2005 አረፈች። ኔሊ በተማሪዎቹ ያደረበትን ቅሬታ ከዓመታት በኋላም ሲናገር ተሰምቷል። ቅሬታው የወንድም ሐዘን ነውና ቀላል አይደለም። ግን ያቺ ተማሪ መቅኔዋን ስትሰጥ እኅት፣ ክሊፑ ውስጥ የካርድ ማንበቢያ እንድትሆን ነበር የተፈለገው፤ ይህን መጠየቅ ደግሞ ጭካኔ አይደለም። የሂፕ ሆፕ ወንድነት ዋጋ የዚያን ያህል ተጨባጭ ሆኖ የወጣበት ሌላ ጊዜ መጥቀስ ያስቸግራል።

ባይረን ኸርት የተባለ የቀድሞ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች በ2006 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ካሜራውን ይዞ ወጣት ራፐሮች ዘንድ ሄደ። ልጆቹ ተራ በተራ ስለ መግደል ይደረድራሉ። ለምን ሲባሉ፣ ሌላም ነገር እንችላለን፣ ኮንትራት የሚሰጠን ግን በዚህ ነው ይላሉ። በርት ዊልያምስ ከዚህ የተለየ መልስ ይሰጥ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ይህ ታሪክ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሳሎን ድረስ ይገባል። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ የለበሰ ልጁን «እንደ ጥቁሮቹ አትሁን» ብሎ የሚገሥጽ አባት ብዙ ነው። «ጥቁሮቹ» ሲል ራሱን የት እንዳስቀመጠ አይጠየቅም። ጥቁር አሜሪካዊን የሚያውቀው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ሳለ በሳተላይት ዲሽ ካየው ክሊፕ ነው፤ ጭንብሉን እንደ ሰውየው ፊት ተቀብሎ መጣ። ልጁን ሌሊት መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስም ያየው ያንኑ ምስል ነው፤ የአባትየውን የትውልድ አገር ግን አይጠይቅም።

በግንቦት 2018 ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሂሮ ሙራይ ዳይሬክተርነት «ዲስ ኢዝ አሜሪካ»ን አወጣ። ራቁት ደረቱን ይዞ እየጨፈረ ይመጣና ወገቡን ሰበቅ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ጭንቅላቱ የተሸፈነን ሰው ይተኩሳል። ብዙዎች አቋቋሙን በቶማስ ራይስ ዘመን ከታተሙት የጂም ክሮው ሥዕሎች ጋር አስተያይተውታል። የሚያስቀውና የሚያስፈራው ሰው በአንድ አካል ላይ ናቸው፤ ፈገግ ይላል፣ ይገድላል፣ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ይጨፍራል። ክሊፑ በቀጣዩ ዓመት ግራሚ ሲሸለም ዘፋኙ አልተገኘም። በመጨረሻው ትዕይንት ጭፈራው የለም፤ በጨለማ ኮሪደር ውስጥ ዓይኑ ፈጦ፣ ፊታቸው በማይለይ ሰዎች እየተባረረ ወደ ካሜራው ይሮጣል።