ቀለብ እያለልን

በወላይታ ሶዶ በአንድ አዳራሽ መግቢያ ላይ ባነር ተሰቅሎ አየሁ፦ «ዘላቂነት ያለው አካባቢያዊ የከተማ የምግብ ሥርዓት ግንባታ»። አጠገቤ የቆመው ሰው ቀና ብሎ አነበበና «ምግብ ቤት ሊከፈት ነው እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ከተማ የሚበላውን ማን ያመርተዋል፣ በምን ይመጣል፣ ማን ይሸጠዋል፣ ልጣጩስ የት ይወድቃል የሚለውን አንድ ላይ አስሮ ማየት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ጠራበት፤ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. የክትትሉ ስብሰባ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ «ፉድ ሲስተም» በየሥልጠናው ይነሳል፤ ትርጉሙም እንዳየነው ባነር ላይ ወጥቷል።

እስቲ ቃል በቃል እንየው። «ዘላቂነት ያለው» ለምን? «ዘላቂ» አይበቃም? ረጅሙን ሰው «ረጅምነት ያለው» አንለው! «አካባቢያዊ» ደግሞ ሁለት ልብ ነው፤ የሰፈሩን ነው የሚለው ወይስ ደን ጥበቃውን? ዋናው ጣጣ ግን «የምግብ ሥርዓት» ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ስሙ «የምግብና ሥርዓተ ምግብ» ነው፤ በዚያ «ሥርዓተ ምግብ» ማለት ኒውትሪሽን ነው። ግዕዙን ወደ አማርኛ ስንገለብጠው «የምግብ ሥርዓት» ይሆናል። አንዱ ሐረግ ተገልብጦ ለሁለት ሐሳብ ሊያገለግል ነው ማለት ነው። «ሥርዓተ ትምህርት»ና «የትምህርት ሥርዓት» ተለያይተው ይኖሩ የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይኖራሉ፤ ግን ስንት መምህር ሲያምታታቸው ሰምቻለሁ። ለእናቶቻችን ደግሞ የምግብ ሥርዓት ማለት እጅ ታጥቦ፣ ከፊት ለፊት ቆርሶ መብላት ነው።

«የምግብ ሰንሰለት» ያሉም አሉ። እሱን የባዮሎጂ ክፍል ቀድሞ ወስዶታል፤ ሣር፣ ጥንቸል፣ ቀበሮ። አንድ ወዳጄ «የቀለብ ቀለበት» አለኝ። ለጆሮ ይጥማል፤ ዙሪያውንም ያሳያል፤ ግን ለዘፈን እንጂ ለደንብ አይሆንም።

ከወዳጄ ሐረግ የመጀመሪያውን ቃል ወሰድኩለት። ቀለብ ዝም ብሎ ምግብ አይደለም። ይሰፈራል፤ ስለዚህ መጠን አለው። ገበሬው «የዓመት ቀለቤን አስገባሁ» ሲል ጊዜም አለበት፤ ዘላቂነቱን ለብቻው መቀጠል አያሻም ማለት ይቻላል። በቤተሰብ ሕጋችን ደግሞ አባት ለልጁ ቀለብ ይቆረጥበታል፤ ግዴታም አለበት። «ከተማውን ማን ይቀልበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያ ሁሉ ሥልጠና ሊያነሳው የፈለገው ጥያቄ በሦስት ቃል ያልቃል።

ቀለብ የእስር ቤት ይሸታል ተብዬ ነበር። ይሸታል። የወታደርም ይሸታል፤ በገባሩ ጫንቃ የተጫነው ቀለብ ታሪክ አለው። ግን ከተማም የሚበላው ከገበሬ ጫንቃ አይደለም? ሽታው ቢቀርበት ቃሉ ይጎድላል። «የሌማት ትሩፋት» የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመርም ሌማትን ከጓዳ ነው ያወጣነው፤ ማንም አላፈረበትም።

«አካባቢያዊ»ን ደግሞ «የቅርብ» እንበለው። የቅርብ ቀለብ። እዚህ ላይ ወላይታ ራሱ ያስተምራል። ደጁ ያለውን፣ ፍግ የጠገበውን መሬት ዳርኮዋ ይለዋል፤ ራቅ ያለውን ማሳ ሾካ። እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ጎመኑ ዳርኮዋ ላይ ነው። የእንሰቱ ቅጠል ለላሟ ይሰጣል፤ እበቷ ተመልሶ ከእንሰቱ ሥር ይውላል። አዝመራ ቢከዳ ለዓመታት የቆመው እንሰት ይነቀልና ቆጮ ይሆናል። ከተማ ሲገባ ግን ልጣጩ ከገበያ ወደ ቦይ ይሄዳል እንጂ ወደ ዳርኮዋ አይመለስም። ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆና ቤት ስትጨምር ደግሞ መጀመሪያ የሚታጠረው ይኸው ፍግ የጠገበው መሬት ነው። ዳርኮዋን በአማርኛ «ጓሮ» ብዬ ልተረጉመው ሞከርኩ፤ ጓሮ ፍጉን አይነግርም። እንዳለ ይግባ። አማርኛ ከጎረቤት ቃል መበደር ለምዷል፤ የሩቁን ፉድ ሲስተም ማስገባት ካላስቸገረው፣ የደጁን ዳርኮዋ ለምን ያስቸግረዋል?

እንግዲህ የኔ ምርጫ «የከተማ የቅርብ ቀለብ» ነው። ሥርዓት የግድ ካስፈለገ «የቀለብ ሥርዓት» ይባል፤ ከኒውትሪሽኑ ጋር አይጋጭም። ባነር ለሚያሠሩትም ጨርቅ ይተርፋቸዋል።