ፒክ ኤንድ ፕሌስ ማሽን በደጋ ከተማ፦ የማህበሩ ብር ከመውጣቱ በፊት

ቤተሰቦች፣ ከሞባይል ጥገና አልፋችሁ የራሳችሁን ቦርድ ገጣጥማችሁ ለመሸጥ ያሰባችሁ አላችሁ፦ የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ የአምፖል ድራይቨር፣ የፓምፕ ማስነሻ። ወሬው ዞሮ ዞሮ "በማህበር ሆነን ማሽን እንግዛ" ላይ ይደርሳል። ዛሬ ስለዚሁ ማሽን እናውራ፤ በተለይ እንደ መካነ ሰላም፣ አጅባርና አቀስታ ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች ለመትከል ላሰባችሁ።

ማሽኑ ሶልደር ፔስት በተቀባ ቦርድ ላይ ሪዚስተሩን፣ ካፓሲተሩን፣ አይሲውን እያነሳ በየቦታው ያስቀምጣል። በቃ። አይበይድም፤ ማቅለጡ የኦቭኑ ሥራ ነው። እቃውን የሚያነሳበት ጫፍ ኖዝል ይባላል፤ አየር እየሳበ ይይዛል።

መጀመሪያ ግን ያስፈልጋችኋል ወይ? እስቲ እናስላ። አንድ ቦርድ 40 እቃ አለው፣ የታዘዛችሁት 50 ቦርድ ነው እንበል። በድምሩ 2000 እቃ። እጁ የለመደ ልጅ በወረንጦ በሰዓት 300 ቢያስቀምጥ ሰባት ሰዓት አይሞላም፤ ሁለት ሰው ካለ ግማሽ ቀን ነው። አዲስ ማሽን ላይ ደግሞ ሪል መጫኑ፣ ፋይል ማስገባቱና ማስተካከሉ ብቻ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ትእዛዛችሁ በወር እንዲህ ያለ አንድ ብቻ ከሆነ ጥሩ ስቴንስልና ደህና ኦቭን ግዙ፣ ማሽኑ ይቆይ። ያው ቦርድ በየሳምንቱ በመቶዎች የሚታዘዝ ከሆነ ግን ወረንጦ አያዋጣም።

ሻጩ የሚጽፈውን የሰዓት ፍጥነትም እንዳለ አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ ካሜራው ሳያይ የተለካ ነው። ያለ ካሜራ ማሽን ደግሞ እኛ አንመክርም።

ለጀማሪ የሚሆኑት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ናቸው። ከቻይና ኒዮዴን 4 ባለ አራት ኖዝል ነው፣ ቻርምሃይ ቲ36 ባለ ሁለት። ሉመን ፒኤንፒ የሚባለው ዲዛይኑ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የተሰበረውን ራሳችሁ ሠርታችሁ መተካት ትችላላችሁ፤ ኦፕን ፒኤንፒ በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ያገለገለ ያማሃ ወይም ጁኪ "በርካሽ" ሲባል ደግሞ ፊደሩ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ፊደር የእቃውን ሪል የሚስበው ክፍል ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት እቃ አንድ ያስፈልጋል፣ ለብቻው ይሸጣል፣ የአንዱ ብራንድ ለሌላው ብዙ ጊዜ አይሆንም። ፊደሮቹን ስትገዙ የማሽኑን ዋጋ ልታልፉት ትችላላችሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በብር የተነገራችሁ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ከፍታው። ኖዝሉ እቃውን የሚይዘው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ ውጭ ያለው አየር እቃውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። መካነ ሰላም ከባህር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊቱ 74 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በባህር ጠለል ላይ 101። ሩቡ ጠፋ ማለት ነው። ካለው አየር 80 በመቶውን መሳብ የሚችል ፓምፕ ታች 81 ኪሎፓስካል ቫኪዩም ይሰጣል፣ መካነ ሰላም ላይ ግን 59። ማሽኑ "እቃው ተይዟል" የሚለው 60 ሲደርስ እንዲሆን ተስተካክሎ ከመጣ፣ እቃው ኖዝሉ ላይ ተጣብቆ እያለ "አልተነሳም" ይላል፤ ደህናውን እቃ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ይህን ያላወቀ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ያዛል። አዲሱም ያው 59 ነው!

መፍትሔው ነፃ ነው። ኖዝሉ ባዶ እያለ የሚያሳየውን ቁጥር ጻፉ፣ እቃ ይዞ እያለ ያለውን ጻፉ፣ ወሰኑን መሀል ላይ አድርጉ። ባዶው 15፣ የያዘው 55 ከሆነ 35 ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኖዝል ለየብቻ ይለካ። 0603 የሚባለው 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር የሆነ እቃ ሚዛኑ ኢምንት ስለሆነ የሩብ መቀነስ አይጥለውም። የሚንሸራተተው ከባዱ ኮይልና ሰፊው አይሲ ነው፤ ሰፋ ያለ ኖዝል ስጡት፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ እምቢ ካለ በእጅ አስቀምጡት። ትልቁን ማሽን ከመረጣችሁ ኮምፕሬሰሩም የሚስበው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ከተጻፈው ከፍ ያለ አቅም ያለው ግዙ።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳል፣ ቦርዱ ላይ የተቀባው ፔስትም እየደረቀ ይሄዳል። ትንሾቹ ማሽኖች ብዙ ዋት ስለማይፈልጉ የጀመሩትን ቦርድ የሚያስጨርስ ዩፒኤስ ማግኘት ከባድ አይደለም። ኦቭኑን ግን ዩፒኤስ አይችለውም፤ ስለዚህ ኦቭኑ የሚሠራበትን ሰዓት በመብራቱ ፀባይ ወስኑ። ከደሴ በመኪና የመጣ ማሽን ደግሞ ብሎኑ ሳይጠብቅ፣ ጠረጴዛው በውሃ ልክ ሳይለካ፣ ካሜራው እንደገና ካሊብሬት ሳይደረግ አይነሳ።

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ስታቲክ አይሲ ይገድላል፣ ሞቶም ላያስታውቅ ይችላል። የእጅ ማሰሪያውን ከግራውንድ ጋር አገናኙ። ብርድ ነው ብላችሁ የምትደርቡት የናይለን ሹራብ ዋናው ጠላት ነው፤ ጥጥ ልበሱ። ፔስቱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስታወጡት ክዳኑን ሳትከፍቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አራት ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ አለበለዚያ እርጥበት ይገባበትና ኦቭን ውስጥ ይፈነጣጠራል።