የአጠናን ክህሎት ትምህርት

የአጠናን ክህሎት ትምህርት የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጊዜያቸውን እንዲያቅዱ፣ ማስታወሻ እንዲይዙ፣ አስተውለው እንዲያነቡ እና ለፈተና እንዲዘጋጁ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ራሱን ችሎ፣ በሌላ ኮርስ ውስጥ ተካቶ ወይም በምክር አገልግሎት መልክ ሊሰጥ ይችላል። አስፈላጊነቱ የሚመነጨው፣ በሁለተኛ ደረጃ በመምህር የቅርብ ክትትል የተማረ ሰው ኮሌጅ ሲገባ አብዛኛውን ጥናት ራሱ መምራት ስላለበት ነው።

ታሪክ

በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ፍራንሲስ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ አምስት ደረጃዎች ያሉት የንባብ ዘዴ አቅርቧል። እነርሱም ምዕራፉን መቃኘት፣ ርእሶቹን ወደ ጥያቄ መለወጥ፣ መልስ እየፈለጉ ማንበብ፣ መጽሐፉን ሳያዩ በራስ አነጋገር መመለስ እና መከለስ ናቸው።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ፓውክ በበኩሉ «የኮርኔል ማስታወሻ» የተባለውን አያያዝ በመጽሐፉ አስተዋውቋል። በዚህ ዘዴ ገጹ በሦስት ይከፈላል። በሰፊው የቀኝ ዓምድ በክፍል የተሰጠው ትምህርት ይጻፋል፤ በጠባቡ የግራ ዓምድ ከትምህርቱ በኋላ ጥያቄዎችና ቁልፍ ቃላት ይገባሉ፤ ከታች ደግሞ አጭር ማጠቃለያ ይሰፍራል። ተማሪው በኋላ የቀኙን ሸፍኖ በግራው ጥያቄ ራሱን ይፈትናል።

የዘዴዎቹ ውጤታማነት

ብዙ ተማሪዎች የሚያዘወትሩት ማስታወሻን ደጋግሞ ማንበብና መስመር ማስመርን ነው። ጽሑፉ በተደጋገመ ቁጥር ለዓይን ስለሚለመድ፣ ተማሪው ያወቀው ይመስለዋል።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ አንብቦ በሦስቱ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን እነርሱ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ለፈተና ዋዜማ የተሸመደደ ትምህርት ቶሎ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ይህ በከፊል ያስረዳል።

ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር ዘዴዎችን ገምግመው፣ ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለቱን ብቻ ነው፦ ራስን መፈተን እና ጥናትን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ ማካሄድ። ደግሞ ማንበብና ማስመር ዝቅተኛ ደረጃ አግኝተዋል።

የአሰጣጥ መንገድ

ዘዴዎቹን መንገር ብቻውን በቂ አይደለም። ጆን ሃቲ፣ ጆን ቢግስና ኖላ ፐርዲ እ.ኤ.አ. በ1996 ሃምሳ አንድ ጥናቶችን መርምረው፣ ሥልጠናው ተማሪው በሚማረው ትምህርት ውስጥ ቢሰጥና ተማሪው የራሱን አጠናን እንዲመረምር ቢያደርገው እንደሚሻል ደምድመዋል። ለምሳሌ የኬሚስትሪ መምህር ማስታወሻ አያያዝን በዚያው ዕለት ትምህርት ላይ ሊያለማምድ ይችላል።

በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የካንሳስ ሲቲ ቅጥር እ.ኤ.አ. በ1973 በዲያና ማርቲን የተጀመረው ፕሮግራምም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ደካማ የተባሉ ተማሪዎችን ሳይሆን ብዙዎች የሚወድቁባቸውን ኮርሶች ይመርጣል፤ ኮርሱን ቀድሞ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪም የጥናት ቡድኑን ይመራል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስለሚገባበት፣ መሳተፍ እንደ ደካማነት ምልክት አይታይም።

በኢትዮጵያ

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለሱ፣ የጄኔራል ሳይኮሎጂ ማስተማሪያ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ማስታወሻ አያያዝ፣ አጠናንና የፈተና ፍርሃት የሚያስተምር ምዕራፍ ይዟል። የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ «በራስ አነጋገር መመለስ» ለብዙ ተማሪዎች እጥፍ ሥራ ነው፦ ሐሳቡንም ቋንቋውንም ይጠይቃል። ቋንቋው ሲከብድ ሐሳቡን ሳይረዱ ቃሉን መሸምደድ ይቀላል። ስለዚህ ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ በሚቀናቸው ቋንቋ ለጓደኛ አስረድቶ፣ ከዚያ ደብተር ሳያዩ በእንግሊዝኛ መጻፍ ራስን የመፈተኛ አንዱ መንገድ ነው።