«ሐይቅ» ስንት ፊደል ነው?

ሦስት ነው ትሉኛላችሁ። ብዙው ኮምፒውተር ግን ዘጠኝ ይላችኋል። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ወንጌል አለ። ያስጻፉት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መምህር አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት የብራናውን ዳር በወስፌ ይበሳና ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል። የዓምዱ ስፋት አለቀ፣ ደቀቀ። ቃሉ አልበቃ ሲለው መሐል ላይ ሰብሮት ወደ ታች ይወርዳል፤ የቃልን ድንበር ሁለት ነጥብ ስለሚጠብቀው ሰረዝ እንኳ አይፈልግም። የሚቸግረው ዳዊት ሲጽፍ ነው። እዚያ አንዱ ሐረግ በአንድ መስመር ማለቅ አለበት። ታዲያ ትርፉን ፊደል ምን ያደርገዋል? ከመስመሩ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይሰካዋል እንጂ አይጥለውም።

እኛስ? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ እልል አልን። ግን በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። የሲ ቋንቋው ፕሪንትኤፍ ደግሞ ስፋት የሚለካው በባይት ነው። «በ10 ስፋት ደርድርልኝ» ብትሉት ከ«ሐይቅ» በኋላ አንድ ባዶ ቦታ፣ ከ«ደሴ» በኋላ አራት ይጨምራል፤ ለ«አምባሰል» ጭራሽ የለም። ዓምዱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

መንገዳገዱስ ይሁን፤ መቁረጡ ነው የሚያናድደው። ለስም 20 ባይት ብቻ የተመደበበት መዝገብ ላይ «ገብረ እግዚአብሔር» ብላችሁ አስገቡ። ስሙ 31 ባይት ነው። የሚተርፈው «ገብረ እግዚ» እና የተሰበረ ፊደል ቅሪት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ብቅ ይላል። ለአንድ ሰው በገዛ ስሙ ላይ የጥያቄ ምልክት!

ፓይተን 3 ባይት ትቶ ፊደል ስለሚቆጥር ለ«ሐይቅ» ሰባት ባዶ ቦታ በትክክል ይሰጣል። ያም ሆኖ «ጭ» እና «ነ» በብዙ ፎንት እኩል ቦታ አይዙም፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ዓምዱ ይወላገዳል። ለዚህ ነው ሠንጠረዥ ስንሠራ ባዶ ቦታ መቁጠሩን ትተን የዓምዱን ጠርዝ አስቀድመን የምንወስነው፤ ያው በወስፌው እንደሚደረገው።