ማሳውን ማን አረሰው?

በ7ኛው ክፍለ ዘመን በታሚሎች አገር፣ በደቡብ ሕንድ፣ ሳምባንዳር የተባለ ባለቅኔ ከመቅደስ መቅደስ እየዞረ ሺቫን ያወድስ ነበር። እኛን የገረመን አምላኩን ሲያነሣ ማሳውንም አብሮ ማንሣቱ ነው፤ ሩዙ፣ ሸንኮራው፣ በውሃው የሚዘለው ዓሣ፣ ኩሬ የገባው ጎሽ። አንዳል የተባለችው ባለቅኔም በቲሩፓቫይ ዝናቡን፣ ሩዙን፣ ዓሣውንና እንስራ ሙሉ የምትታለበውን ላም አንድ ላይ ታነሣለች።

ጌጥ ብቻ እንዳይመስለን። ገለባው ለከብቱ፣ እበቱ ለማሳው፣ በሬው ለሞፈሩ፣ ውሃው ለሩዙም ለዓሣውም ነበር።

ታዲያ አራሹስ? ዓሣው ሲዘል እያየን ሰውየው ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሴኪላር በፔሪያ ፑራናም ናንዳናርን አመጣልን፤ ለመቅደሱ የከበሮ ቆዳና የዜማ መሣሪያ ጅማት የሚያቀርብ፣ በዘሩ ምክንያት ደጁን መርገጥ የማይችል ሰው። ጎጆው፣ ዶሮው፣ የተሰጣው ቆዳ ሳይቀር ይታያል። ከብቱ ሲሞት ቆዳው ወደ ማን መንደር እንደሚሄድ ያወቅነው እዚህ ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎፓላክሪሽና ባራቲ ታሪኩን ሲደግመው ባለመሬቱን ጨመረበት፤ እርሻው ሳያልቅ ወደ ቺዳምባራም መቅደስ መሄድ የለም የሚለውን ጌታ።

ናንዳናር በመጨረሻ በእሳት አልፎ፣ ነጽቶ ገባ ይላል ተረኩ። እሳቱን የምናነበው እንደ ተአምር ነው። በዚያው በካቬሪ ወንዝ አፍ፣ በኪልቬንማኒ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የሩዝ ደመወዛችን ይጨመር ካሉት የእርሻ ሠራተኞች ወገን 44 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ በአንድ ጎጆ ውስጥ ተቃጠሉ።